ኮርቻዋን አውርድና አሳየኝ

የአማቴን ስም አልጽፍም። ለመደበቅ ብዬ አይደለም፤ በእኛ ቤት ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም ነበር። ከእንፍራንዝ በሙሽርነት ጎንደር ከገባሁበት ቀን ጀምሮ «አያ» ስላቸው ኖሬ፣ ዛሬ እሳቸው ካለፉ ስንት ዘመን ሆኖ፣ እኔም ከእሳቸው ዕድሜ በላይ አርጅቼ፣ ስማቸውን ልጥራ ብል ምላሴ እሺ አይለኝም። የሌሎቹንም ትቼዋለሁ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አሁንም ከእኛው ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ሲያነቡት ማን ማን እንደሆነ ያውቁታል፤ እሱ ይበቃል።

አያ ነጋዴ ነበሩ። ነጋዴ ስል ግን ሱቅ ከፍቶ፣ ሚዛን ሰቅሎ የሚቀመጠውን ዓይነት ማለቴ አይደለም። የሚካኤል ማኅበርተኞቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ያላቸውን ጥሪት አምጥተው ይሰጧቸዋል፤ እሳቸው የራሳቸውን ጨምረው ሰው የናቀውን ሸጋ ነገር ፈልገው ይገዙበታል፤ ሰው እስኪፈልገው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ሸጠው ለየሰዉ ድርሻውን ይሰጣሉ። አንድ ዘመን ቡና፣ አንድ ዘመን ሰም፣ አንድ ዘመን ወይፈን። የልጅ ልጄ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ይሠራል፤ ይህን ስነግረው ሣቀና ዛሬ በውጭ አገር ይህንኑ ሥራ ትልልቅ ሕንፃ ውስጥ ከረባት አስረው የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ ነገረኝ። ይሥሩ። በእኛ ጊዜ የሥራው ስም አደራ ነበር። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ አደራውን ያጠፋ ሰው ከነልጅ ልጁ «አደራ በላ» ሲባል ይኖራል። ስለዚህም ይመስለኛል አያ የሰውን ጥሪት በሚያስገቡበት ነገር ውስጥ የራሳቸውንም ሁሉ የሚያስገቡት። እኔ ያልቀመስኩትን ለሰው አላጎርስም ይሉ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ በቅሎ ተራ ሲገቡ ማየት ነበር። ሻጩ በቅሎዋን አስጊጦ፣ ልጓሟን አብለጭልጮ፣ አንገቷ ላይ ቃጭል አስሮ ያቀርባታል። ደላላው የእናቷን የባዝራዋን ዘር እስከ ቅድመ አያቷ ይቆጥርላታል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው፣ የአህያውን ነገር የሚያነሣ የለም። አያ ይህን ሁሉ ያዳምጡና ሲያልቅ አንዲት ነገር ብቻ ይናገራሉ።

«ኮርቻዋን አውርድና አሳየኝ።»

ኮርቻው ሲወርድ የስንቱ ጉድ ወጣ። በጌጡ ሥር የከረመ ቁስል ይኖራል፣ ጠጉር ያልመለሰ ጠባሳ ይኖራል፣ እጅ ሲያርፍበት የሚሸሽ ወገብ ይኖራል። ይህንን አያ በምክር አልተማሩትም። ጎረምሳ ሳሉ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ቡና ጭነው ወደ መተማ ሲወርዱ፣ በጌጧ ወድደው የገዟት በቅሎ አይከልን ሳያልፉ ከነጭነቷ ተኝታ ቀረችባቸው። ኮርቻዋን ቢያወርዱ ጀርባዋ እንዳለ ቁስል ሆኗል። ቡናው የአባታቸው ነበርና ከአባታቸው ዓይን ለመሸሽ አይከል ከረሙ። ይህን ያወሩልኝ ራሳቸው ናቸው፣ እየሣቁ።

ቃሉ ከበቅሎ አልፎ የቤታችን ቋንቋ ሆኖ ነበር። አንድ ሰው ትልቅ ወሬ ይዞ የመጣ እንደሆነ፣ አዲስ ጎረቤት ከመጠን በላይ የተመሰገነ እንደሆነ፣ እስቲ ኮርቻዋን አውርዱላት ይባላል። እኔም አልቀረሁም። ሽማግሌዎች እኔን ሊያጩ እንፍራንዝ ሲመጡ ቤተሰቤ ሙያዬን፣ ዘሬንና መልኬን ደርድሮ ሲጨርስ አያ አንድ ነገር ጠየቁ አሉ፤ ልጅቱ ስትቆጣ እንዴት ናት? አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነበር፤ ስትቆጣስ አገር ይሰማል ብሎ መለሰ። ዘመዶቼ በሐፍረት መሬት ብትውጣቸው ደስ ባላቸው። አያ ግን እንግዲያውስ ጀርባዋ የሚታይ ልጅ ናት ብለው ነገሩን በዚያው ጨረሱ። ሌላዋ ብትሆን በበቅሎ ተመሰልኩ ብላ ትከፋ ነበር፤ እኔ ይህን የሰማሁ ቀን ነው ሳላያቸው የወደድኳቸው።

የተዳርኩት ጣሊያን ጎንደር ከገባ በኋላ ነው። ከተማው ሌላ ከተማ ሊሆን ይጣደፋል። ፒያሳ ላይ ድንጋይ ይፈለጣል፣ ሲሚንቶ ይቦካል፣ ተራራው እየተቆረጠ መንገድ ይወጣል፤ በዚያ መንገድ ከአሥመራ በሊማሊሞ በኩል ማኪና መጣ። ሰው መጀመሪያ ሸሸው፣ ኋላ ሣቀበት፣ ብዙም ሳይቆይ ያለ እሱ መኖር የማይቻል መሰለው። በቅሎ ስንት ቦታ እያደረች የምትጨርሰውን መንገድ ማኪና ከቁርስ እስከ ምሳ ይጨርሰዋል ተባለ። የሲራራ ነጋዴው አጋሰሱን እየሸጠ ጭነቱን ለማኪና ሰጠ። ሰርጉ ሳይቀር ተለወጠ። የአንድ አስተርጓሚ ልጅ በማኪና ተድራ ከተማውን ስትዞር አገር ወጥቶ አየ፤ እኔ በዳማ በቅሎ ስገባ ያዩኝ የከተማ ልጃገረዶች ግን ከንፈር መጠጡልኝ። ከንፈር የመጠጠልኝን ሰው እኔ አልረሳም።

እንዲህ ሆና በቅሎ ወደቀች። ትናንት የመኳንንት ክብር የነበረች ሰጋር በቅሎ ዛሬ ባለቤቷ ዋጋዋን ለመናገር በሚያፍርበት ገንዘብ ትሸጥ ጀመር። አያ መግዛት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

ያገኙትን ሁሉ ግን አልገዙም። ብዙውን ቅዳሜ ባዶ እጃቸውን ነበር የሚመለሱት። እኔም ይህን ያህል ከረከሰ ምነው ሁሉንም አይገዙም ብዬ ጠየቅኳቸው። ስትረክስ ክፉዋም ደጓም አብራ ትረክሳለች፤ እኔ የምፈልገው ደጓን ነው አሉኝ። ማኅበርተኞቹ ከድንጋይ ፈለጣው፣ ከጠላ ሽያጩ፣ ከጥበቃው የሚያገኙትን የጣሊያን ሊሬ እያመጡ ይሰጧቸዋል፤ አያ ሊሬውን ቤታቸው አያከርሙትም። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰውዬ ከአገሩ ሲጠሩት ይሄዳል፣ በቅሎ ግን የትም አትሄድም ይሉ ነበር። ይህንን የሚሉት ቤት ውስጥ ነው፤ ፒያሳ ወጥተው ቢሉት ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ።

የተገዙት በቅሎዎች ከተማ አይቀመጡም። ሣሩ አይበቃም፤ ቢበቃም ጣሊያን ያያቸዋል፣ ያየውን ደግሞ ለሥራው ይወስዳል። ስለዚህ አያ ከዳባት ወዲህ ወገራ ላይ ለሚኖር አንድ ገበሬ ሰጧቸው። ላም በርቢ መስጠት በአገራችን የታወቀ ነው። ባለላሙ ላሙን ይሰጣል፣ ወተቱ ለአርቢው ይሆናል፣ የተወለደው ይካፈላል። በቅሎ ግን አትታለብ፣ አትወልድ። አያ ለገበሬው ያሉት፣ ገብስህን ጫንባት፣ ገበያህን ሂድባት፣ ጀርባዋን ግን ጠብቅልኝ፤ የተሸጠች ቀን ከትርፏ ድርሻ አለህ ነው። ይህ ወሬ ጎንደር ሲደርስ ከተማው በሣቅ ፈረሰ። «በቅሎ በርቢ የሰጠ» የሚል ስም ወጣላቸው። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ በቅሏችሁ ወለደች ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም፣ አጎቴ እንዳለው፣ አገር እንዲሰማ አድርጌ እመልስላቸው ነበር።

ያን ገበሬ በምን እንዳመኑት አንድ ቀን ጠይቄያቸዋለሁ። ሳይነግሩት ሄደው፣ እርሻው ላይ ሳለ ደርሰው፣ ቀንበሩን ሲፈታ የበሬዎቹን ጫንቃ አይተው እንደተመለሱ ነገሩኝ። ጫንቃቸው አልተላጠም ነበር። የራሱን በሬ ያላቆሰለ የእኔን በቅሎ አያቆስልም አሉ። ከዚህ ሌላ ዋስ አልጠየቁም፣ የተጻፈም ነገር አልነበረም። ዋስትናቸው የበሬ ጫንቃ ነው ብዬ ለባሌ ብነግረው ራሱን ይዞ ወጣ።

ባሌ ለአያ አንድ ልጃቸው ነው። እሱም በዚያን ጊዜ ማኪና ላይ በረዳትነት ተቀጥሮ፣ ኋላም መንዳት ለምዶ ነበር። እጁ ዘይት፣ ብብቱ ውስጥ ቦርሳ፣ አፉ ሞተር ሆነ። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ቶሎ የሚወድ፣ ወድዶም መደበቅ የማይችል ሰው ነው፤ እኔንም የወደደኝ እንደዚያው ነበርና ልወቅሰው አልችልም። አንድ ቀን አባቱ ፊት ተቀምጦ አንድ አሮጌ የጭነት ማኪና ሊሸጥ መሆኑን ተናገረ። በቅሎዎቹ ይሸጡና ማኅበሩ ማኪናዋን ይግዛት፣ እኔ እነዳታለሁ፤ ስንት ኩንታል እንደምትጭን፣ ሊማሊሞን እንዴት እንደምትወጣው፣ ሁሉን አስረዳ። አያ እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

«ምን ትበላለች?» አሉት ሲጨርስ።

«ቤንዚን ነዋ፣ አባቴ።»

«ቤንዚኑ ከየት ይመጣል?»

«ከባሕር ማዶ፣ በመርከብ።»

«እንግዲያውስ መኖዋ ያለው በሰው እጅ ነው። ባሕሩ የተዘጋ ቀን ምን ታበላታለህ?»

ባሌ ባሕር ደግሞ ምን ሆኖ ይዘጋል ብሎ ሣቀ። እኔም በሆዴ ሣቅሁ መሰለኝ፤ የእንፍራንዝ ልጅ የማውቀው ባሕር ጣናን ነው፣ ጣናም ተዘግቶ አያውቅም። አያ ግን አልሣቁም። በቅሎዎቹ እንደማይሸጡ ነግረውት ወደ ጓሮ ወጡ።

ነገሩ በቤት አልቀረም። የሚቀጥለው ወር የማኅበሩ ተራ የእኛ ነበር። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሙሴ ደግ ነበሩ፤ ችግራቸው የወደዱትን ነገር አገር ሁሉ ካልወደደላቸው እንቅልፍ የማይወስዳቸው መሆኑ ነው። አሁን ማኪናዋን ወደዋል። በቅሎ ከተገዛች ወዲህ እንኳ ዋጋዋ ጨርሶ መውረዱን፣ የማኅበሩ ጥሪት ወገራ ላይ ሣር ሲግጥ መክረሙን፣ የገዛ ልጅዎ እንኳ ያዋጣል የሚለው ማኪና መሆኑን ዘረዘሩ። በመጨረሻም ወይ በቅሎዎቹ ይሸጡ፣ ወይ ጥሪታችን ይመለስልን አሉ። ብዙው ሰው ልክ ነው አለ።

እኔ ጠላ እቀዳ ነበር፤ እጄ ባለበት ቆመ። በዚያ ሰሞን ዋጋ ቢሸጡ የሁሉም ጥሪት ግማሹ ገደል ገባ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሽጡ ያሉትን ማን ያስታውሳል? አያ በስተርጅና «አደራ በላ» ተብለው ሊቀበሩ ነው። ባሌን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል።

አያ ቀስ ብለው ተነሡ።

«በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ ይባላል» አሉ። «እናንተ ግን አግዛችኋል፤ ስለዚህ መናገር ይገባችኋል። እኔ የገዛሁት በቅሎ ነው። ዛሬም በቅሎ ናት፤ እግሯም ያው ነው፣ ጀርባዋም ያው ነው። የወረደው ኮርቻዋ ነው። መውጣት የሚፈልግ የሰጠኝን ሙሉውን ከራሴ እከፍለዋለሁ። መቆየት የሚፈልግ ይቆይ። አደራችሁን ግን በዚህ ዋጋ አልሸጥም።»

ሁሉም ወጡ ማለት ይቀላል። የቀሩት ጠላ ሸጠው የሚያድሩ አንዲት ባልቴት ብቻ ናቸው፤ የወርቅ ጉትቻቸውን ሸጠው ነበር ለአያ የሰጡት። እርስዎስ ምነው ቀሩ ሲሏቸው እኔ ማኪና ያስፈራኛል አሉ። ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም።

ለወጡት ለመክፈል አያ የነበረንን ቡና ሸጡ፤ የምናልባቸውን ላሞች ሸጡ። አልበቃም። በመጨረሻ ኮርቻቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ከአባታቸው የወረሱት፣ ባሕር አረብ በሚባለው ቀይ ቆዳ የተለበጠ፣ ብር ጣል ጣል ያለበት ኮርቻ ነው፤ ጥምቀት ላይ ሲቀመጡበት የማያውቃቸው ሰው እንኳ መንገድ ይለቅላቸው ነበር። ደላላ ወሰደው። ለማን እንደሸጠው አልተናገረም፤ አያም አልጠየቁም። ከዚያ ወዲያ እኔን በሙሽርነት ያመጣችኝን ዳማዋን በቅሎ፣ ከተማ ያስቀሯት እሷን ብቻ ነው፣ ጆንያ አንጥፈው ይቀመጡባት ጀመር። ሰዉም ዘንድሮስ የራሳቸውንም ኮርቻ አወረዱ ብሎ አዲስ ቀልድ አገኘ።

የወጡት ገንዘባቸውን ይዘው ማኪናዋን ገዙ። አያ መጥተው ባሌን መረቁት፤ ከልባቸው ነበር፣ እኔ የሰው ፊት አውቃለሁ። ማኪናዋም መጀመሪያ ሠራች፣ ሐሰት አልናገርም። ሙሴ በመጀመሪያው ጉዞ ከፊት ተቀምጠው እስከ ደባርቅ ሄዱ፤ ሲመለሱ ለሳምንት ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ለእኔም ሳሙና መጣልኝ፣ አቡጀዲ መጣልኝ፣ ስኳር መጣልኝ። በሌላ በኩል ደግሞ ሰፈሩ ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ገልብጦ «በቅሎ አለኝ በወገራ፣ ጋማዋንም አላይ» እያለ ይዘባበታል። አንድ ቀን ተናድጄ ገባሁና አያ ምነው ዝም ይላሉ፣ ምነው አንድ ቃል አይመልሱላቸውም አልኳቸው።

«ሣቃቸው እኮ ሣር አይበላብኝም፣ ልጄ» አሉኝ።

ተናድጄ ሳለሁ ሣቅሁ። እሳቸው ወደ ወገራ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፤ ደኅና ናቸው ይላሉ፤ ባልቴቷ እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ይሄዳሉ። ለብዙ ጊዜ የሆነው ይኸው ብቻ ነው። መጠበቅ የሚባለው ሥራ ለሚያየው ሰው ሥራ አይመስልም። እኔ ግን አብሬያቸው የኖርኩ ሰው ነኝና እመሰክራለሁ፤ በዚያ ከተማ እንደዚያ ሰውዬ ጠንክሮ የሠራ አልነበረም።

ከዚያ ጣሊያን በባሕር ማዶ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመ የሚል ወሬ መጣ። ሰው ለጊዜው ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ቤንዚን ተወደደ፤ ቀጥሎ ለወታደር ብቻ ሆነ፤ በኋላ ለወታደሩም ጠፋ። ጎማው ያለቀበት ማኪና እንደ ሞተ ከብት መንገድ ዳር ይታይ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ባሌ በእግሩ መጣ፤ ጫማው ተበጥሷል፣ ፊቱ አቧራ ነው። ማኪናዋ ከሊማሊሞ በታች ቆማ ቀርታበታለች፤ ቤንዚን ፍለጋ ሄዶ ሲመለስ ጎማዎቿን ፈትተው ወስደዋቸዋል። ሞተሩን የሚያስነሣበትን ብረት ብቻ ይዞ ደጃፍ ላይ ቆመ።

አያ አዩት፣ ብረቱንም አዩት። ነገርኩህ አላሉትም። ዛሬም ድረስ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው። እኔ ብሆን ዓመት ሙሉ ስደግመው እኖር ነበር። እሳቸው ግን ውኃ አምጭና እግሩን እጠቢው አሉኝ፤ ለእሱም ስትጠነክር ወገራ ወጥተህ በቅሎዎቹን ታመጣለህ አሉት።

በዚያው ሰሞን በቅሎ ተነሣች። ጨው የሚያመጣ፣ እህል የሚያወርድ፣ በጠፍ መንገድ የሚሄድ ነጋዴ ሁሉ በቅሎ በቅሎ ማለት ጀመረ። ይህ ደስ ሊለን ሲገባ ፍርሃት ይዞ መጣ። ያ ገበሬ አሁን ዋጋቸውን ያውቃል። የእኔ ናቸው ቢል ማን ይመሰክርበታል? ሽፍታ ወሰዳቸው ቢልስ? ባልቴቷ በየጠዋቱ እየመጡ ደጃችን ይቀመጣሉ፤ ምንም አይጠይቁም። ባሌ ከሄደ በኋላ አያ እህል አልወርድ አላቸው። ይህን ሁሉ ዘመን የማይፈሩ ይመስሉኝ ነበር፤ ሌሊት ተነሥተው በወገራ በኩል ያለውን መንገድ ሲያዩ ያገኘኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ተማሪዎች ቤት የሚከራዩበት ማራኪ የሚባለው ሰፈር ያኔ ሜዳ ነበር። ባሌና ገበሬው ከጣሊያን ኬላ ለመሸሽ ከተማውን ዞረው በቅሎዎቹን በዚያ በኩል አመጧቸው። ልጅ ተልኮ ጠራንና ሄድን። ሜዳው ላይ ጠጉራቸው የሚያበራ በቅሎዎች ሣር ይግጣሉ። ገበሬው ጋቢውን አደግድጎ ወደ አያ መጣና የተጠቀለለ ቆዳ ዘረጋላቸው።

«አያ፣ አደራዎ ይኸው» አለ። «አንዷን ጅብ በላብኝ፤ ቆዳዋን ይዤ መጥቻለሁ። የቀሩት ደኅና ናቸው፤ ጀርባቸውን ይዩልኝ።»

አያ ቆዳውን ተቀብለው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ከዚያ ከአንዷ ወደ አንዷ እየሄዱ ጀርባቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። የቆሰለ የለም፣ የሚሸሽ የለም። ሲጨርሱ ወደ እኛ ዞሩ፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። ባልቴቷ እልልታቸውን አቀለጡት። ባሌ ቆሞ አባቱን ብቻ ያይ ነበር።

በአንድ ጊዜ አልሸጧቸውም። ገበያ ሲደርስ አንዷን፣ ሌላ ጊዜ ሌላዋን ያወጣሉ። ገዥው ሳይጠይቅ ቀድመው ጀርባዋን እይ፣ እግሯን እይ፣ ይህችኛዋ ውኃ ስትሻገር ታስቸግራለች እያሉ ነውሯን ይናገራሉ። ለጣሊያን ጦር የሚገዛ ደላላ አንድ ከረጢት ሊሬ ይዞ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። አያ ዳማዋን አሳይተው ቤቴ ያለችኝ ይህች አሮጊት ናት አሉት፤ እውነታቸውን ነው፣ የቀሩት ወገራ ተመልሰው ነበር። የሸጡት ለእህል ነጋዴዎች ነው፤ የተቀበሉትም ጠገራ ብርና እህል ነው። በዚያ በረሃቡ ጊዜ ጎንደር ከበላችው ገብስ ብዙው የመጣው በእነዚያ በቅሎዎች ጀርባ ነው። ባልቴቷ ከድርሻቸው ቤት ገዙ፤ ገበሬው ድርሻውን ሲቀበል ጅብ የበላት በቅሎ ድርሻም አልቀረበትም።

ከዚያ በኋላ ጥሪቱን ተሸክሞ የሚመጣው ሰው በዛ። የወጡትም መጡ፤ ሙሴ ብቻ ናቸው ያልመጡት። አያ ማንንም አልወቀሱም፤ ከማንም ግን ምንም አልተቀበሉም። ዛሬ ሰው ሁሉ በቅሎ ይወዳል፣ የተናቀ ነገር እስኪገኝ ገንዘባችሁን ያዙ እያሉ መለሷቸው። ሞኝነት መስሎኝ ነበር። ጣሊያን ሄዶ መንገዱ ሲከፈት ማኪናው ተመልሶ መጣ፣ በቅሎም እንደገና ወረደች፤ አያ ያን ጊዜ በእጃቸው የነበረችው ዳማዋ ብቻ ናት።

ጣሊያን ጎንደርን በለቀቀ በሚቀጥለው ክረምት አያ ታመው አረፉ። በአገራችን የተከበረ ሰው ሲሞት በቅሎው ተጭና፣ በጌጧ፣ ለቅሶው መካከል ትዞራለች፤ አልቃሽም እሷን እያየች ታለቅሳለች። እኛ ዳማዋን አመጣን እንጂ የምንጭናት አልነበረንም። ጆንያውን ልናለብሳት ስንል ሙሴ በነጭ ኩታ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ሰዉን ሰንጥቀው ገቡ። ሲገልጡት ያ ቀይ ኮርቻ ነው። ለካ ያኔ በደላላ እጅ የገዙት እሳቸው ኖረዋል። በመለሰልኝ ገንዘብ፣ በገዛ ገንዘቡ ነው ያስገዛኝ፣ አንድ ቀን ተቀምጬበት አላውቅም እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። ሰው አብሯቸው አለቀሰ፤ እኔም ከዚያ ከማኅበሩ ቀን ጀምሮ የያዝኩባቸውን ቂም በዚያው ጣልኩት። ኮርቻው ተጭኖ፣ ብሩ እያበራ፣ ዳማዋ መዞር ጀመረች። አገሩ በለቅሶ ተናወጠ።

ባሌ ከተቀመጠበት ተነሣ። ሄደና ልጓሟን ያዘ።

«ኮርቻዋን አውርዱላት» አለ።

 መጀመሪያ ሰዉ ያልገባው ይመስለኛል፤ ከዚያ ግን ከወዲያም ከወዲህም ሰው ራሱን ሲነቀንቅ አየሁ። ማሰሪያውን የፈቱት ሙሴ ራሳቸው ናቸው፤ ኮርቻውን አውርደው እንደ ሕፃን ታቀፉት። ዳማዋ ባዶዋን እንደገና ዞረች። እኔን ከእንፍራንዝ ያመጣች፣ አያን ያን ሁሉ ዘመን በጆንያ የተሸከመች፣ ያረጀች በቅሎ ናት፤ ሰው ሁሉ እየተጠጋ አያት። ጀርባዋ ላይ አንድም ጠባሳ አልነበረም።